ሦስት ቀን የፈለግነው ጥቅስ

ሰው ሲሳሳት ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። ጠባዬ ነው። ሚስቴ የሺ በሕይወት ሳለች ስንት ጊዜ መክራኛለች፤ አልተውኩትም። አሁንም አልተውኩትም፤ ስለዚህ ይህን በሰው እጅ ሳስጽፍ መጀመሪያ የማርመው ራሴን ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ። ያውም በመጽሐፍ ቅዱስ ስም።

በየነ እባላለሁ። አቃቂ ውስጥ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። በዚያ ማሽን መሃል ያልጮኸ ሰው አይሰማም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ቀስ ብዬ ማውራት አልችልበትም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ የታክሲ ታፔላ አነባለሁ። ከዚያ ያለፈው ያደክመኛል።

ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስን ከየት አወቅከው ትሉኝ ይሆናል። በጆሮዬ ነው። ስብከት አያመልጠኝም፤ ማታ ማታ ደግሞ የሺ ታነብልኝ ነበር። ያነበበ ሰው ቢረሳ ገልጦ ያያል። እኔ የምገልጠው ስለሌለኝ አልረሳም። የሰፈሩ ሰው ለዚህ ነው "ሰማንያ አሐዱ" የሚለኝ። ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ገላን ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ እድር አቋቋምን። ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለበት። መጀመሪያ አካባቢ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ ሁለት ሰዎች ተደባደቡና እድሩ ካርታ ከለከለ። ሦስት ቀን ደግሞ ተፋጦ መቀመጥ ከባድ ነው። ደምሴ አንድ ዘዴ አመጣ።

ደምሴ በፋብሪካው የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ ወዳጄ ነው፤ አንባቢ ነው። መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠይቃል፣ ድንኳኑ ይመልሳል። የሳተ ሰው፣ ምግብ ሲቀርብ ማንቆርቆሪያ ይዞ ሰውን ሁሉ ያስታጥባል። ሕጉ ይኸው ነው። ሽማግሌ ነኝ፣ ባለ ማዕረግ ነኝ አይሠራም።

ደምሴ ተንኮለኛ ጠያቂ ነበር። "ሰብአ ሰገል ስንት ነበሩ?" ይላል።

"ሦስት!" ይላል ሃምሳ አለቃ ግርማ። ግርማ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ ሳያስብ ነው የሚመልሰው።

"ስጦታው ነው ሦስት" እላለሁ እኔ። "ሰዎቹ ስንት እንደሆኑ አልተጻፈም።"

"ማንቆርቆሪያ ለሃምሳ አለቃ!"

ሌላ ቀን ደግሞ "ጳውሎስ ወደ ደማስቆ ሲሄድ ከምን ላይ ወደቀ?" አለ። ግማሹ ድንኳን ከፈረስ አለ። እኔ ፈረስ የሚል የለም አልኩ፤ ተገልጦ ታየ፤ የለም። የእኔ ሙያ ይህ ነበር፤ የሌለውን አለ የሚለውን መያዝ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ማንቆርቆሪያ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ።

ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ እታገኝ ትባላለች። ለደምሴ ልጅ ልድራት ቃል ሰጥቼ ነበር። እሷን አልጠየቅኳትም። አንድ ቀን ሌላ ሰው መርጣ ወረዳ ሄዳ ተፈራርማ መጣች። ደምሴ አልተቀየመም፤ "ልጆቹ አልተፈላለጉም፣ ምን እናድርግ" ብሎ ተወው። ልጁም ሌላ አግብቶ ወለደ። እኔ ግን ቃሌ ተሰበረ።

እሷና ባሏ እኔን ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። በሩ ላይ ቆምኩና መጽሐፍ ጠቀስኩባቸው፦ "አባቱን ያሳፈረ ልጅ ስሙ ከቤቱ ይጥፋ፤ ደጁን የሚከፍትለትም ከእርሱ ጋር ይቆጠር።" ብዬ ዘጋሁት።

የሺ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። መጽሐፍ የምትፈራ ሴት ነበረች። ደጁን የሚከፍትለት የሚለውን ስለሰማች፣ በሩን ከፍታላት አታውቅም። ስትናፍቃት ቅዳሜ ገበያ ላይ ትገናኛት ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ። የሺ ስትሞት እታገኝ መጣች። ሴቶቹ መሃል ተቀምጣ አልቅሳ ሄደች። አላናገርኳትም። ቱሉ ዲምቱ ነው ቤቷ። ከእኛ በታክሲ ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

አንድ ቀን ደምሴ፣ "በየነ፣ ልጅህን ላስታርቅህ" አለኝ። ቃሉን ነገርኩት።

"የት ላይ ነው ያለው ይሄ?" አለኝ።

"መጽሐፍ ላይ።"

"መጽሐፉ ብዙ ነው። የት ላይ?"

"አንተ አይደለህ አንባቢው! ፈልገው!" ብዬ ጮህኩበት።

ከዚያ ወዲያ አንሥቶት አያውቅም። የተወው መስሎኝ ነበር። በክረምቱ ታመመ፤ መስከረም ሳይጠባ ሞተ።

ማክሰኞ ቀበርነው። ከቀብር ተመልሰን ከብሎካችን ፊት በተተከለው ድንኳን ተቀመጥን። ሰው ሞልቷል፤ የሚያወራ የለም። ጠያቂው ራሱ ነዋ የሞተው! ማን ደፍሮ ይጠይቅ?

የደምሴ ሚስት ወይዘሮ አሰለፈች መጽሐፉን ይዛ ከቤት ወጣች። ጥራዙ ተፈትቶ እንዳይበተን በጫማ ማሰሪያ ታስሯል። "እሱ ቢኖር እንዲህ ዱዳ ሆናችሁ አትቀመጡም ነበር" አለችና በቅርብ ያገኘችው ታምራት ጭን ላይ አኖረችው። ታምራት ስልክ የሚጠግን ጎልማሳ ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ሰፈሩ ከገባ ዓመቱ ነው።

"እኔ ልጠይቅ? ይሄ እኮ የናንተ ነው" አለ እየሳቀ።

"ማንበብ ትችል የለ? ጠይቅ!" አልኩት።

ጠየቀ። ግርማ እንደ ልማዱ ሳተ። ሳቅ ተጀመረ። ታምራት ሌላ ጥያቄ ሊፈልግ የመጽሐፉን ቅጠል ሲያነሣ አንድ ነገር ወደቀ፤ ተቀድዶ የተዘረጋ የመድኃኒት ካርቶን ነው። አነሣውና፣ "ጋሽ ደምሴ ያዘጋጀው ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም" ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ።

"'አባቱን ያሳፈረ ልጅ ስሙ ከቤቱ ይጥፋ፤ ደጁን የሚከፍትለትም ከእርሱ ጋር ይቆጠር።' ይህ ቃል የት ነው?"

ሳቁ ቆመ። ከታምራት በቀር የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ከሥሩ ዝርዝር አለ" አለ ታምራት ምንም ሳይገባው። "ዘፍጥረት፣ የለም። ዘጸአት፣ የለም። ዘሌዋውያን፣ የለም... እንዲህ እንዲህ እያለ መዝሙረ ዳዊት ድረስ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ምንድነው? ምን አደረግኩ?"

"ምንም አላደረግክም" አለ አጠገቤ የተቀመጠው ሸምሱ። ሸምሱ ከስልጤ የመጣ ነው፤ ከብሎካችን ሥር ሱቅ አለው። "የጋሽ በየነ ጥቅስ ነው።"

"ጋሼ፣ የት ነው ታዲያ?" አለ ታምራት።

"መጽሐፍ ላይ ነው።"

ታምራት ስልኩን አወጣ። ጻፈ፣ ጠበቀ፣ እንደገና ጻፈ። "የለም ይላል።"

"ስልክህ ስንት መጽሐፍ አለው?"

"ስድሳ ስድስት።"

"የእኛ ሰማንያ አንድ ነው። በቀሩት ውስጥ ነው!"

ግርማ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ሳቀ። "በየነ እኮ አይያዝም! በስልክ ቢመጡበት በመጽሐፍ ያመልጣል!"

"አላመለጥኩም። ስልክ ምስክር አይሆንም ነው የምለው። መጽሐፉ ይታይ።"

አሰለፈች እስከዚያ ድረስ የድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ ነበር። "በየነ" አለችኝ። እሷ በስሜ ነው የምትጠራኝ። "ያ ሰው ክረምቱን ሙሉ፣ ሆዱን ይዞ፣ ትራስ ተደግፎ ሲያነብ የነበረው ለነፍሱ መስሎኝ ነበር። ተኛ ስለው 'የበየነ ነገር አለብኝ' ይለኛል። ጥራዙን ራሱ የፈታው እሱ ነው፤ ተኝቶ ሲያነብ መጽሐፉ ደረቱ ላይ እየከበደው። አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። ከሌለ ምን ትሆናለህ?"

ይህን ያህል ሰው እያየኝ ወደ ኋላ የምል ሰው አይደለሁም። ደግሞ እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁትን ደግሞ አልረሳም።

"ከሌለ" አልኩ፣ "እኔው ራሴ ሄጄ ደጇን አንኳኳለሁ።"

"ሰማችሁ?" አለች።

"ሰማን!" አለ ድንኳኑ በሙሉ።

"ድንኳኑ ሐሙስ ይነሣል። እስከዚያ ፈልጉ።"

ረቡዕ ጧት መጽሐፉን ተከፋፈልነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ መጽሐፍ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ይህ ግን ተፈትቷል። ታምራት ማሰሪያውን ፈትቶ እንደ ፋብሪካ ፎርማን እያዞረ አደለ። ደምሴ የለም ያለውን አልነካንም፤ "ደምሴ የለም ካለ የለም" ያልኩት እኔ ነኝ። በጥገና ጊዜም እንደዚሁ ነበር፤ አየሁት ካለ አይቶታል።

ለሸምሱ ምሳሌ ደረሰው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና፣ "እኔ ልይዘው ይቻላል?" አለ።

"ማንበብ የሚችል ይያዝ" አልኩት።

ድንኳን ውስጥ እንደዚያ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም። ሃያ አምስት ሠላሳ ሰው አንገቱን ደፍቷል። ቅጠል ሲገለበጥ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ከመንገድ ማዶ ደግሞ የከባድ መኪና ድምፅ። ለቅሶ ሊደርስ የሚገባ እንግዳ "እግዜር ያጥናችሁ" ይልና ግራ ተጋብቶ ይቆማል። ግርማ፣ "ግባ፣ ተቀመጥ፣ ይቺን ያዝ" ብሎ ቅጠል ያስይዘዋል። አንድ ከደብረ ዘይት የመጣ የደምሴ ዘመድ ምን እንደሚፈልግ እንኳ በቅጡ ሳይነገረው ሕዝቅኤልን አገላብጦ ሄደ።

በየመሃሉ አንዱ ቀና ይልና "የለም" ይላል። ታምራት ካርቶኑ ላይ፣ ከደምሴ ጽሑፍ ሥር፣ ይጽፋል።

"ይሄ ሰሎሞን ሱቅ ነበረው እንዴ?" አለ ሸምሱ። "ስለ ሚዛን አሥር ጊዜ ያወራል። ወላሂ ደንበኞቼ እንዳያነቡት!"

"ስለ ልጅስ?" አልኩት።

"ስለ ልጅማ ሞልቷል። ምከረው፣ ቅጣው፣ አባትህን ስማ። ውጣ የሚል ግን አላየሁም።"

"ቀስ ብለህ አንብብ።"

"ጋሼ፣ ሁለቴ ነው ያነበብኩት።"

አንዱ ከጀርባ፣ "የጠፋውን ልጅ ታሪክስ ለምን አታስታውስም፣ ጋሽ በየነ? አባቱ ሮጦ አልተቀበለውም?" አለ።

"ያ ልጅ ራሱ ነው የተመለሰ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

"የእርስዎም ተመልሳ ነበር እኮ" አለ ሸምሱ ቀስ ብሎ። የሰማሁትን እንዳልሰማ አለፍኩት።

ለእኔም ደረሰኝ። ታምራት አንድ ቅጠል ይዞ መጥቶ፣ "ጋሼ፣ እርስዎም አንድ ይያዙ፤ በኋላ በትክክል አልፈለጋችሁም እንዳይሉን" አለ። አጭሩን መርጦ ነው ያመጣልኝ፤ የጳውሎስ መልእክት ወደ ፊልሞና። አንድ ገጽ እንኳ በቅጡ አትሞላም።

መነጽሬን አደረግኩና ጀመርኩ። ፊደል በፊደል ነው። ሌላው ሰው ሦስት መጽሐፍ ሲጨርስ እኔ ግማሽ ገጽ ላይ ነበርኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያውን እረሳለሁ፤ እንደገና እመለሳለሁ። ምሳ መጣ፤ አልበላሁም። በዕድሜዬ አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በዓይኔ ያነበብኩት ያን ቀን ነው።

"ምን ይላል?" አለኝ ግርማ፣ ስጨርስ።

"ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ነው የጻፈው።"

"ቃሊቲ?"

"ዝም በል አንተ! ለወዳጁ ነው የጻፈው። ከወዳጁ ቤት የጠፋ ባሪያ አለ። እሱን መልሼ ልኬልሃለሁና እኔን እንደምትቀበል አድርገህ ተቀበለው ይለዋል።"

ታምራትን አየሁት። "ሆን ብለህ ነው ይህን የሰጠኸኝ?"

"ኧረ ጋሼ! አጭር ስለሆነ ነው እንጂ። ውስጡ ምን እንዳለ በምን አስቤው?"

"ለማንኛውም" አልኩ፣ "ይኸኛው ባሪያ ነው። ልጅ አይደለም።"

"ባሪያ እንዲህ ከተባለለት ልጅማ ምን ሊባልላት ነው?" አለች አሰለፈች፣ ከወዲያ ሆና።

"ፊልሞና፣ የለም" አልኩ። ታምራት ጻፈ።

ሐሙስ ጧት ካርቶኑ ሞልቶ ነበር። ጠርዙ ላይ ሁሉ ተጽፎበታል። ወንጌል የለም። ነቢያት የለም። ኩፋሌ የለም፣ ሄኖክ የለም፣ መቃብያን የለም። የቀረው አንድ እሽግ ብቻ ነው፤ ሲራክ ያለበት። እሱን ማታ ቤቱ ይዞ የሄደው ግርማ ነው፤ ግርማ ደግሞ አልመጣም።

ልጆቹ ድንኳን ለማውረድ የእድሩን ዕቃ እየሰበሰቡ ነው። ወንበሩ ተነሣ። እኔ የተቀመጥኩበትን አልነሣም ብዬ ተቀመጥኩ። በሲራክ ነው ተስፋዬ። ሲራክ ለልጅ ኃይለኛ ነው፤ የሺ ስታነብልኝ አስታውሳለሁ። እዚያ ካለ አሸነፍኩ፤ ስምንቱ ዓመት ትክክል ነበር ማለት ነው። እዚያ ከሌለ ደግሞ ስለዚያ ማሰብ አልፈለግኩም።

አራት ሰዓት ሲሆን ግርማ መጣ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው፤ አይስቅም።

"አንድ የሚመስል አገኘሁ" አለ።

"አላልኳችሁም!" ብዬ ብድግ አልኩ።

"ቆይ፣ ላንብበው።" አነበበው። እኔ እንደ ገባኝ ልንገራችሁ፦ ልቧ የደነደነ ሴት ልጅ ካለችህ አጥብቀህ ጠብቃት፣ መሳቂያ እንዳታደርግህ የሚል ነው።

"እሱ ነው! አየህ፣ እንዳታሳፍርህ ነው የሚለው!"

"ስሟ ይጥፋ ይላል?" አለ ሸምሱ።

"አይልም" አለ ግርማ።

"ደጁን ዝጋ ይላል?"

"አይልም። ጠብቃት ነው የሚለው።" ግርማ ቅጠሉን አጠፈና አየኝ። ሠላሳ ዓመት ፖሊስ የነበረ ሰው ነው፤ ሲፈልግ ውስጥህን ያየዋል። "በየነ፣ እኔ ስንት ዓመት ጥበቃ ቆሜያለሁ። የምትጠብቀውን ነገር ውጭ አውጥተህ በር ከዘጋህ፣ ምኑን ጠበቅከው?"

እንደገና ተቀመጥኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

አሰለፈች መጣች። ቅጠሉን ሁሉ ሰበሰበች፣ በማሰሪያው አሰረች። ካርቶኑን ግን ለብቻ አውጥታ በእጄ ሰጠችኝ። "ይሄ ያንተ ነው" አለች። ልጆቹ የድንኳኑን ምሰሶ ነቀሉት፤ ሸራው በላዬ ላይ ሊወርድ ሲል ሸምሱ ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

"አብሬዎት ልሂድ፣ ጋሼ?"

"መንገዱን አውቀዋለሁ" አልኩት። ሄጄበት አላውቅም ነበር፤ አውቀው ግን ነበር።

ታክሲው ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር። ካልተጻፈ፣ ታዲያ እኔ ከየት ሰማሁት? አልረሳም ብያለሁ። ቃሉ ልክ እንደዚያው ነው በጆሮዬ ያለው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የማን ድምፅ ነው?

ገላንን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ድምፁን አገኘሁት። የአባቴ ነው።

የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ እኅቴ ጥሩነሽ ከተዳረችበት ቤት ኮብልላ መጣች። ባሏ ይመታት ነበር፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መመለሱ ነበር፤ ዳዊቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። በሩ ላይ ቆመና ያንን ቃል ተናገረ። እናቴ ከምድጃው ሥር አልተነሣችም። ጥሩነሽ ትንሽ ቆመችና ዞራ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም፤ የት እንደ ሞተችም አላውቅም።

አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። ዳዊቱን የሚይዘው ለበረከት ነው። ቃሉን በቁጣው ሰዓት ከራሱ አውጥቶ ነው የተናገረው። እኔ ግን ልጅ ነኝ፤ መጽሐፍ የያዘ ሰው ሲናገር አየሁ፣ መጽሐፍ ነው የተናገረው ብዬ ያዝኩ። ስድሳ ዓመት ያዝኩት። መጽሐፉ እኮ አልተገለጠም ነበር። ተጠቅልሎ ብብቱ ሥር ነበር።

"ወራጅ አለ?" አለ ረዳቱ። ቱሉ ዲምቱ ደርሰናል።

ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው። በየፎቁ አረፍ እያልኩ ወጣሁ። አንኳኳሁ። እታገኝ ራሷ ከፈተች። ወፍራለች፤ ግንባሯ ላይ የእናቷ መስመር ወጥቶባታል።

አየችኝና፣ "ማን ሞተ?" አለች።

"ደምሴ።"

"ጋሽ ደምሴንማ ሰምቻለሁ። እርስዎ ስላሉ ነው ያልመጣሁት።" በሩን እንደያዘች ነው። "ሌላ ማን ሞተ?"

"ማንም። የለም ልልሽ ነው የመጣሁት።"

"ምኑ?"

"ያ ቃል። መጽሐፉ ላይ የለም። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ፈለግን፤ ደምሴም ሳይሞት ይፈልግ ነበር። የለም።" ካርቶኑን ሰጠኋት።

ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አልተገረመችም።

"አውቃለሁ" አለች። "በመጀመሪያው ዓመት ነው የጨረስኩት። ሁለተኛ ደግሞ አነበብኩት፤ አልፌው እንዳይሆን ብዬ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"የት ሆኜ ልንገርዎት፣ አባባ? በሩ ተዘግቶ።"

መተላለፊያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችና፣ "ይግቡ፤ ደረጃው አድክሞዎታል" አለችኝ።

ባሏ ሶፋው ላይ ነበር፤ ብድግ አለ። ስሙን በቅጡ አላውቀውም ነበር፤ ዮናስ ይባላል። ብዙ አላወራንም። ምሳ ቀረበ። እታገኝ ማስታጠቢያውን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ተነሣሁና ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀበልኩ።

"ኧረ አባባ! ነውር ነው! ይቀመጡ!"

"የድንኳኑ ሕግ ነው። የሳተ ያስታጥባል።"

"ይሄ ድንኳን አይደለም።"

"የሳትኩት ግን እኔ ነኝ። እጅሽን አምጪ።"

መጀመሪያ ባሏን አስታጠብኩ፤ ጎንበስ ብሎ በፍርሃት ታጠበ። ቀጥሎ እሷ እጇን ዘረጋች። እጄ ስላልለመደ ውኃው ከሳህኑ ውጭ ምንጣፉ ላይ ሁሉ ፈሰሰ። ማንቆርቆሪያው ባዶ እስኪሆን ድረስ እጇን ከሥሩ አላነሣችም።

ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችኝም። እኔም በዚያ ቀን በይኝ አላልኩም፤ ስምንት ዓመት በአንድ ማንቆርቆሪያ አይታጠብም። ስወጣ ግን፣ "እሑድ ይመጣሉ?" አለችኝ። "እመጣለሁ" አልኳት። እየሄድኩ ነው። አንዳንድ እሑድ ታወራኛለች፣ አንዳንድ እሑድ ዝም ትላለች። ዝም ስትልም ተቀምጬ እመጣለሁ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ከእኔ የተሻለ ፊደል ታውቃላችሁ። የምመክራችሁ ብዙ የለኝም። እኔ ሰብአ ሰገልን ቆጥሬ፣ ጳውሎስን ከፈረስ አውርጄ፣ የሌላውን ሰው ስሕተት ሁሉ ስይዝ ኖርኩ። የራሴን ጥቅስ ግን የት ላይ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። በጠየቀኝ ሰው ላይ ጮህኩ። መጽሐፉ አልበደለኝም፤ እኔ ነኝ የአባቴን ቁጣ ወስጄ በእሱ ስም የጠራሁት። የሺ ከነፍርሃቷ ሞተች፤ ለእሷ የምመልሰው የለኝም። ይህን ነገር ማንም ቢያጽናናኝ አልቀበልም። እናንተ ግን ቤታችሁ ውስጥ "ተጽፏል" ተብሎ የተዘጋ በር ካለ፣ የት ላይ ብላችሁ ጠይቁ። ብትችሉ ሰው ሳይሞት ጠይቁ።

ድንኳን ውስጥ ጥያቄው ቀጥሏል። አሁን ጠያቂው ሸምሱ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ አያዳላም። እኔ ያላወቅኩትን አላውቅም እላለሁ፤ ማንቆርቆሪያም ይደርሰኛል። ግርማ በዚህ እንደሚደሰት ያስታውቃል።

በደምሴ አርባ ቀን ካርቶኑን ይዤ ሄድኩ። አሰለፈች መጽሐፉን አሳይታኝ፣ "ላስጠርዘው ነው" አለች። ከማስጠረዝሽ በፊት አንዴ ስጪኝ፣ ካርቶኑን ልመልስበት አልኳት። እስኪርቢቶ ተቀበልኩና፣ ካርቶኑ ላይ ደምሴ "ይህ ቃል የት ነው?" ብሎ ከጻፈው ጎን የቀረች ጥቂት ቦታ ነበረች፤ እዚያች ላይ በራሴ እጅ ጻፍኩ። ሦስት ፊደል ናት። መካከለኛዋ ተጣመመች፤ ትነበባለች ግን።

"የለም" ብዬ ጻፍኩለት።